ይኼን ንገርልኝ

በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ አንዲት እናት አደራ ሰጡኝ፤ በላሁት። ገንዘብ አልነበረም፤ ቃል ነው። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፣ የታዘዝኩትንም ንስሐ ፈጽሜያለሁ። ቃላቸውን ያጠፋሁት ግን በድብቅ ሳይሆን ካሜራ ፊት ስለሆነ፣ ካህን ጆሮ ውስጥ ቀርቶ እንዳለቀለት ልቆጥረው አልቻልኩም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ዓመቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቦብ ማርሌ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ጥር 29 ቀን 60 ዓመት ይሞላው ነበር። ቤተሰቡ ልደቱን በትውልድ አገሩ በጃማይካ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ሊያከብር ቆረጠ። በዚያው ወር፣ ባለቤቱ ሪታ ማርሌ አጽሙን ከተቀበረበት ከናይን ማይል መንደር አስወጥታ ሻሸመኔ ልታሳርፈው አስባለች የሚል ዜና ዓለምን አዳረሰ። በስሙ የተቋቋመው ፋውንዴሽን በቀናት ውስጥ እንዲህ ያለ እቅድ የለም ብሎ አስተባበለ። ማስተባበያው ግን ወሬውን አልደረሰበትም። የውጭው ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ተሸክሞ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ።

እኔ ያኔ 24 ዓመቴ ነው። አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሆቴል የሚሠራ ጓደኛዬ ከአንድ የውጭ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከመጡ ሦስት ሰዎች ጋር አገናኘኝና በቀን በ40 ዶላር አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። የሁለት ቀኑ ክፍያ የወር ደሞዜን ያክል ነበር። ለትምህርት ቤቱ አሞኛል ብዬ አምስት ቀን ቀረሁ። እሱም ውሸት ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ አይደለም።

በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በአርሲ ነገሌ አድርገን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሻሸመኔ ደረስን። ከሦስቱ አንዱ የነበረው ጋዜጠኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴን ወደ እሱ ማላከክ ስለማልፈልግ ነው። መኪና ውስጥ፣ የከተማውን ሰው ደስታ ማሳየት እፈልጋለሁ ብሎኛል። ዋሽልኝ ግን አላለኝም።

ሻሸመኔ ያለው ጃማይካ ሰፈር እንዴት እንደተመሠረተ ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዓለም ጥቁር ሕዝብ ከጎናችን እንዲቆም ያስተባበረ ማኅበር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚያ ውለታ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። በ1958 ዓ.ም. ንጉሡ ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ደግሞ የዚያ አገር ራስታዎች ባሕር ተሻግረው አንድ በአንድ፣ ቤተሰብ በቤተሰብ መምጣት ጀመሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን 5 ጋሻውም አብሮ ሄደ። ሰዎቹ ግን አልሄዱም። ቦብ ማርሌ ራሱ በ1971 ዓ.ም.፣ በደርግ ዘመን፣ ሊያያቸው ሲመጣ ያገኛቸው እንደዚያ ሆነው ነው፦ መሬቱ የለም፣ ሰዎቹ አሉ። ኮንሰርት ሊያሳይ አልነበረም የመጣው። እንደሚሳለም ሰው መጣ፣ ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ከተጠመቀ ዓመት ሳይሞላው በ36 ዓመቱ አረፈ።

እኛ የደረስንበት ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አንዲት እናት በራፋቸው ላይ ሸራ ወጥረው ሻይና አምባሻ ይሸጣሉ። ከአጥራቸው ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታቸው በ1966 ዓ.ም. ከጃማይካ የመጡ አናጢ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ስንደርስ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ጢማቸው ነጭ ነው፤ ጸጉራቸውን በሹራብ ቆብ ጠቅልለውታል። ለጋዜጠኛው አንድ ነገር ላሳይህ ብለው ገቡና ፌስታል ይዘው ወጡ። በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በእሱ ውስጥ የመጡበት ፓስፖርት። ጊዜው ካለፈበት ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጠርዙን አይጥ በልቶታል። ጋዜጠኛው አየት አድርጎ መለሰላቸውና የቦብን ነገር ጠየቃቸው። እሳቸው በራሳቸው እንግሊዝኛ ስለመለሱ እኔ አላስፈለግሁም።

ቀጥሎ ካሜራው ወደ እናትየዋ ዞረ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ። ጥያቄው የቦብ ማርሌ አጽም ወደዚህ ቢመጣ ምን ይሰማዎታል የሚል ነበር፤ እሱን በትክክል ተረጎምኩላቸው። እንዲህ አሉ፦

“ልጄ፣ እኔ አጥንት ምን ያደርግልኛል? አጥንቱ ባለበት በሰላም ይረፍ። እዚህ በሕይወት ያሉትን ይዩልን። ጋሼ ሠላሳ ዓመት አብረውን ኖረው መታወቂያ የላቸውም። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው፣ ከልጆቼ ጋር አፈር ፈጭተው አድገው፣ ያገሩ ሰው አይደላችሁም ይባላሉ። ለሞተ ሰው ቦታ ከተገኘ በቁሙ ላለ ሰው ወረቀት እንዴት ይጠፋል? ይኼን ንገርልኝ።”

ወደ ጋዜጠኛው ዞርኩና በእንግሊዝኛ በጣም ደስ ብሏቸዋል አልኩት። ከተማው ሁሉ እየጠበቀው ነው፤ እንደ ልጃቸው ይቀበሉታል። “እንደ ልጃቸው” የምትለዋን ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ካሜራ ያዡ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ይህን ሁሉ ተናግረው ይኼ ብቻ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ደጋግመው ነው ያሉት አልኩት። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ደገፍኩት።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት በተለያየ መልስ ሳባብለው ኖሬያለሁ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር፣ ቸኩለን ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ገንዘቡን ፈልጌ ነበር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ከሥራቸው ያለው ግን ሌላ ነው። እኔ በ77 ድርቅ የአራት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። ካደግሁ በኋላ ኢትዮጵያዊ ነኝ ባልኩበት ሁሉ የሚመጣልኝ ያ ረሃብ ነበር። ማይክል ጃክሰንና ላይኔል ሪቺ የጻፉት “ዊ አር ዘ ወርልድ” በተከፈተበት ቦታ ሁሉ እንደማፈር ያደርገኛል። የዓለም ታላላቅ ዘፋኞች ስለ እኛ የዘፈኑት ስለተራብን ነው፤ ለበጎ አስበው ነው፣ ምስጋና ይገባቸዋል፣ ቢሆንም ያማል። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የዓለም ኮከብ ቤተሰብ ወደ አገሬ የሚመጣው ስንዴ ሊሰጠን ሳይሆን ስለሚወደን ነው። ያን ቀን እንዲበላሽብኝ አልፈለግሁም። እኚህ እናት በዓለም ፊት ስለ መታወቂያ እንዲያወሩ፣ ገመናችንን እንዲያወጡ አልፈለግሁም። የአገሬን ክብር የጠበቅሁ መሰለኝ። የጠበቅሁት ግን የራሴን ኩራት ነው፤ በሁለት ድሆች ኪሳራ።

ቡድኑ ዕቃውን ወደ መኪናው ሲጭን እኔ የሻይ ሂሳብ ልከፍል ወደ ኋላ ቀረሁ። ጋሼ ከዱካቸው አልተነሡም። ረስቻቸው ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እንደነበር ፈጽሞ ረስቼ ነበር። ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና በአማርኛ፣ ቃላቱን እየመረጡ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል፣

“እሷ ልክ አለች። አንተ ልክ አላልክም” አሉኝ።

ጊዜ አልነበረም ጋሼ፣ አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። እናትየዋ ከውስጥ መልሴን ይዘው ሲመጡ ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸውም ተስፋ በተሞላ ፊት፣ “ነገርክልኝ አይደል?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዎ እትዬ” አልኩ።

ከሁሉም የሚከብደኝ ይኼ “አዎ” ነው። የመጀመሪያውን ውሸት ለባዕድ ነው የዋሸሁት። ይኼንን ግን ዓይን ለዓይን እያየሁ፣ ለቃሉ ባለቤት። ጋሼ እየሰሙ።

ጥር 29 እሑድ ነበር። መስቀል አደባባይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ተሞላ፤ መግቢያው በነፃ ስለነበር ያልመጣ የለም። ከየክፍለ ከተማው በእግሩ የመጣ፣ ከሻሸመኔ በአውቶቡስ የመጣ፣ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ በአውሮፕላን የመጣ። በዚያ ደርግ አብዮት አደባባይ ብሎት በነበረው ሜዳ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያልለበሰ ማግኘት ይከብድ ነበር። የቦብ ልጆች ዚጊ፣ እስቲቨን፣ ዴሚያን፣ ጁሊያንና ኪማኒ መድረክ ላይ ናቸው። ሪታ ነበረች፣ ሎሪን ሂል ነበረች፣ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ፣ ከሴኔጋል ባባ ማል ነበሩ። እኔ አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ ከመድረኩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ማንም ወጣት የሚመኘው ቦታ ነው። አጠገቤ አንድ አባት ሕፃን ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ያለቅስ ነበር፤ ከየት አገር እንደመጣ አልጠየቅሁትም። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደስታው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዓይኔ የጋሼን ነጭ ጢም እየፈለገ ነበር። ባገኛቸው ምን ልላቸው እንደሆነ አላውቅም። አላገኘኋቸውም።

አንድ ነገር ያን ቀን መድረኩ ሥር ሆኜ ትዝ አለኝ። ቦብ ማርሌ በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣው አልበሙ ላይ “ዋር” ብሎ የዘፈነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ነው። ንግግሩ የተደረገው በአማርኛ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው አደራውን ስለተወጣ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ አንድ ጃማይካዊ ዘፋኝ ያንኑ ቃል ይዞ ዓለምን ዞረበት። በአማርኛ የተነገረ ቃል በታማኝ እጅ ካለፈ እስከዚያ ይደርሳል። እኔም ከአሥር ቀን በፊት በአማርኛ የተነገረ ቃል በእጄ ገብቶ ነበር። ከሸራው ሥር እንኳን ሳይወጣ ቀረ።

በማግስቱ ማታ ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ የተቀናበረውን ፊልም አሳዩኝ። በተርጓሚው ድምፅ ይሁን ብለው የእኔን ድምፅ ከላይ አድርገውበታል። የእናትየዋ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሰማና ይጠፋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ አወራለሁ። “ልጄ” የምትለዋ ቃል ብቻ አምልጣ ትሰማለች። ያኔ አቁሙት፣ ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። ገና አልተላለፈም። ጋዜጠኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ። ፖስታውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሻሸመኔን አልፌ ወደ ሐዋሳ ስሄድ እንኳ ፊቴን ወደዚያ ሰፈር አላዞርም ነበር። ዓመታት አለፉ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ለራስታፈሪያውያን መታወቂያ ሊሰጥ መሆኑን ሬዲዮ ሲናገር እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሳልደርስ ወረድኩ። ምን እንደነካኝ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ መቀመጥ አልቻልኩም ብቻ። እንዲያም ሆኖ ለመሄድ ድፍረቱን ያገኘሁት በጥር 2010 ዓ.ም. ነው፤ 13 ዓመት ሙሉ ቆይቼ።

ሸራው በቆርቆሮ ተለውጧል። እናትየዋ አርጅተዋል፣ ግን ያው ሻይ ይሸጣሉ። አላወቁኝም። የዚያን ጊዜው የፈረንጆቹ አስተርጓሚ ነኝ ስላቸው ግን ፊታቸው በራና “ውይ! ያ ቀጭኑ ልጅ!” ብለው ሳሙኝ። ሻይ ቀዱልኝ። ጋሼን ጠየቅሁ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አርፈዋል።

“ማን ቀበራቸው እትዬ?”

“እድሩ ነዋ! ማን ይቀብራቸዋል? ከ78 ጀምረው ወር አሳልፈው አያውቁም።”

የጋሼ ሴት ልጅ ከማዶ ያንን ፌስታል ይዛ መጣች። ፓስፖርቱ አለ፤ ከሱ ጋር የእድር መዋጮ ደብተራቸው። ገጹ ሁሉ በየወሩ ፊርማ ተሞልቷል። እዚህ አገር ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት እሱ ብቻ ነው አለችኝ። እሷ ለአዲሱ መታወቂያ ማመልከቻ አስገብታለች።

ከዚያ ነገርኳቸው። ልጅቱም ባለችበት። እናትየዋ መጀመሪያ አልገባቸውም።

“እና እኔ ምን አልኩ ነው ያልካቸው?”

“ደስ ብሎኛል አሉ አልኩ። እንደ ልጄ እቀበለዋለሁ አሉ አልኩ።”

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሻዩ ፊታችን ቀዘቀዘ። “እኔኮ ጠብቄ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ይኼ ልጅ ነግሮልኛል፣ እነዚያም ወስደው በቴሌቪዥን ያወሩታል፣ አንድ የሚሰማ አይጠፋም ብዬ። ጋሼን ‘አይዞዎት፣ ተናግሬልዎታለሁ፣ ይመጣል’ እላቸዋለሁ። ስንቴ አልኳቸው! እሳቸው ፈገግ ይላሉ፣ እሺ ይላሉ።”

ጋሼ ሰባት ዓመት ተኩል አውቀው ዝም ብለዋል። ጎረቤታቸው ተናግሬልዎታለሁ ባሏቸው ቁጥር እሺ ብለዋል። የእኔን ውሸት ለእናትየዋ ሲሉ ተሸክመውት ኖሩ፤ ይዘውትም ሄዱ።

ከመቀመጫዬ ወርጄ እግራቸው ላይ ስወድቅ አነሡኝ። “የኔን ይቅር ብያለሁ” አሉኝ። “የሳቸውን ግን እኔ ልልህ አልችልም።”

እውነታቸውን ነው። የጋሼ መቃብር ላይ ሄጄ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ የተገኘ መልስ የለም። ለጋዜጠኛውም ጻፍኩለት። ሥራውን እንደለቀቀ፣ ፊልሙም በእሱ እጅ እንዳልሆነ በትሕትና መለሰልኝ። ለጣቢያው ትክክለኛውን ትርጉም ሙሉውን ጽፌ ልኬያለሁ። መልስ አላገኘሁም።

ፊልሙ አለ ማለት ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳችሁ፣ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያላችሁ፣ ስለዚያ ልደት በተሠራ ዘገባ ውስጥ ታዩት ይሆናል። ሸራ ሥር ቆመው ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ አንዲት ሴት ካያችሁ፣ ከጀርባቸው ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ዱካ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆ ከያዙ፣ የምትሰሙት ድምፅ የእኔ ነው። ሴትየዋ እንደዚያ አላሉም። ያሉት ከላይ የጻፍኩትን ነው።